በሰው አናት ላይ የሚደረግ “ልምምድ” ይቁም!

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል ያገሬ ሰው። እኔም ከሥሩ ልጀምር። ጠላት በሌለበት፣ አንዲት ጥይት ባልተተኮሰበት የሰላም ሰማይ ላይ የጦር ሄሊኮፕተር ወድቆ ሰው ሲጨርስ ጥፋቱ የማን ነው? የአብራሪው? የማሽኑ? የዕድል? ወይስ “ይሁን፣ ይብረር” ብሎ የፈረመው፣ ትከሻው ላይ ማዕረግ የደረደረው ሰውዬ?

መልሴን ደብቄ አንባቢን አላደክምም። እኔ የፈረመው ሰውዬ ነው ባይ ነኝ። አብራሪው ብዙውን ጊዜ አብሮ ይሞታል። ሙት ደግሞ አይከራከርም። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ሬሳው ላይ ከምሮ ፋይሉን መዝጋት ቀላል ነው። ፈራሚው ግን በሕይወት አለ። ደመወዙን ይበላል፣ ጊዜው ሲደርስ ጡረታውን ይቀበላል፣ በክብረ በዓል ቀን የፊት ወንበር ይይዛል።

“ለራሳችን ስንት ጉድ እያለን የሰው አገር ሄሊኮፕተር ምን አገባን?” የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ታገሱኝ፣ እደርስበታለሁ። ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደምጽፍም ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ዋሽንግተን ላይ የሆነው

መቼስ ዋሽንግተን አካባቢ ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። የኔም ዘመዶች እዚያው ናቸው። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን በሚባሉት ከተሞች የሀበሻ ምግብ ቤቱ፣ የሀበሻ ሱቁ፣ የሀበሻ ታክሲ ነጂው ሞልቷል። እዚያው አርሊንግተን፣ ወንዙ ዳር፣ ሬገን የሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ አለ። ታክሲ ነጂው ወንድማችን ተራ ይዞ መንገደኛ የሚጠብቅበት፣ ከሌላ ክፍለ ግዛት የሚመጣ ዘመድ የሚቀበሉበት ቦታ ነው።

ጃንዋሪ 29 ቀን 2025፣ በኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ገደማ ላይ፣ ከካንሳስ ዊቺታ የመጣ የመንገደኞች አውሮፕላን ሊያርፍ ወንዙ ላይ ሲደርስ ከአንድ የአሜሪካ ጦር ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ጋር ተላተመ። አውሮፕላኑ ላይ 64፣ ሄሊኮፕተሩ ላይ 3 ሰዎች ነበሩ። 67ቱም አለቁ። አንድም የተረፈ የለም። ከሟቾቹ መካከል በበረዶ ላይ የመንሸራተት ስፖርት ሠልጥነው ከወላጆቻቸውና ከአሠልጣኞቻቸው ጋር ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ልጆች ነበሩበት።

ሄሊኮፕተሩ ምን ይሠራ ነበር? ጦርነት አልነበረም። ቁስለኛ አላነሳም። ባለሥልጣን እንኳ አልጫነም። በሌሊት ማያ መነጽር የሚደረግ ዓመታዊ የብቃት ፈተና ላይ ነበር። ፈተና! የሕዝብ አውሮፕላን በየደቂቃው በሚያርፍበት መንገድ ላይ፣ በጨለማ!

“ሄሊኮፕተሩ እኮ ከተፈቀደለት ከፍታ በላይ ወጥቶ ነበር” የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው። በዚያ መንገድ ከ200 ጫማ በላይ እንዳይወጣ ታዝዟል፤ ሲላተም ግን 278 ጫማ አካባቢ ነበር። ታዲያ ጥፋቱ የአብራሪዎቹ ነው ብለን እንለፈው? የለም፣ አናልፈውም! የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ መርምሮ ያወጣውን ልብ በሉልኝ። ሄሊኮፕተሩ በተፈቀደለት ከፍታ ልክ ቢበር እንኳ፣ በዚያ መንገድ ጠርዝ ላይ ከሚያርፈው አውሮፕላን ጋር የሚኖረው ልዩነት እስከ 75 ጫማ ይወርዳል። 75 ጫማ ማለት 23 ሜትር ገደማ ነው። የሰባት ፎቅ ቤት ቁመት ማለት ነው። በተመሳሳይ ሄሊኮፕተሮች ላይ ሙከራ ሲደረግ ደግሞ የከፍታ መለኪያቸው ከእውነተኛው ከፍታ ከ80 እስከ 130 ጫማ ዝቅ አድርጎ እያሳየ ተገኘ። እንግዲህ አስቡት። የመሣሪያው ስህተት ለሕይወት ከተተወው ክፍተት ይበልጣል! በዚህ ላይ ያን ምሽት በማማው ላይ የአውሮፕላኑንም የሄሊኮፕተሩንም የሬዲዮ ሥራ አንድ ተቆጣጣሪ ብቻውን ይዞት ነበር።

ይህን መንገድ የነደፈው አብራሪው ነው? ካርታው ላይ ያሰመረው እሱ ነው? እንዴት ተደርጎ!

ከዚህ የባሰውን ልንገራችሁ። ቦርዱ የቆዩ መዝገቦችን ሲያገላብጥ፣ ከኦክቶበር 2021 እስከ ዲሴምበር 2024 ድረስ ብቻ በዚያ ማረፊያ አካባቢ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ከሚገባው በላይ የተቀራረቡበት 15,214 ጊዜ አገኘ። ከነዚህ ውስጥ 85 ጊዜ በጎን ከ1,500 ጫማ፣ በከፍታ ከ200 ጫማ ያነሰ ልዩነት ነበር የቀራቸው። 85 ጊዜ ሞት በር አንኳኩቶ ተመለሰ። ቁጥሩ የተገኘው ከአዲስ ምስጢር አይደለም፤ እዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አንድም ባለሥልጣን ተነስቶ “ኧረ ጎበዝ፣ ይህ ነገር ሰው ይፈጃል” ብሎ መንገዱን አልዘጋም። 67 ሰው ካለቀ በኋላ በማርች 2025 ተዘጋ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ትምህርት ሆነ? አልሆነም። ሜይ 1 ቀን 2025፣ የሟቾቹ ቤተሰብ እንባ ሳይደርቅ፣ ሌላ የጦሩ ብላክ ሆክ በፔንታጎን ዙሪያ ሲዞር ሁለት የመንገደኞች አውሮፕላኖች ማረፋቸውን ትተው ተመልሰው ለመነሳት ተገደዱ። ያኔ ነው ሌላው ጉድ የወጣው። በማማውና በፔንታጎን መካከል ያለው የቀጥታ ስልክ ከማርች 2022 ጀምሮ አይሠራም ነበር! በዓለም ላይ ትልቁን የጦር በጀት የያዘ መሥሪያ ቤት አንዲት ስልክ ለማሠራት ሦስት ዓመት አልበቃውም።

ለትርኢት የሚከፈል ሕይወት

ዋሽንግተን ላይ ቢያንስ “ፈተና ነበር” ይባላል። ለጭብጨባ ስለሞቱትስ ምን ይባላል?

ኤፕሪል 23 ቀን 2024 ማሌዢያ፣ ሉሙት በሚባለው የባሕር ኃይል ሰፈር፣ የባሕር ኃይሉ 90ኛ ዓመት ክብረ በዓል እየቀረበ ነበር። ሄሊኮፕተሮቹ በሰልፍ ተጠጋግተው እያለፉ ለበዓሉ ይለማመዱ ነበር። ሁለቱ ተነካኩ። አንደኛው ላይ 7፣ ሌላው ላይ 3 የባሕር ኃይል አባላት ነበሩ። 10ሩም ሞቱ። ፊልሙን ዓለም ሁሉ አይቶታል፤ የሟቾቹ ልጆችም ሲያድጉ ያዩታል። እነዚህ ሰዎች ለአገራቸው ድንበር አልሞቱም። ወንበር ላይ ለሚቀመጡ እንግዶች እንዲያምር ሲሉ ሞቱ። ለአንድ ቀን በዓል!

ወደኋላ ልመልሳችሁ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1982 ጀርመን፣ ማንሃይም ከተማ የተመሠረተችበትን 375ኛ ዓመት ታከብራለች። የአሜሪካ ጦር ቺኑክ ሄሊኮፕተር ከጀርመን፣ ከፈረንሣይና ከእንግሊዝ የመጡ የፓራሹት ዘላዮችን ጭኖ ወጣ። ሰማይ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ትልቅ ክብ ሊሠሩ፣ ሕዝብ ሊያጨበጭብ። አልዘለሉም። አብራሪው እንግዳ ድምፅ ሰምቶ ለመመለስ ሲወርድ ሄሊኮፕተሩ አየር ላይ ተበታትኖ አውራ ጎዳና ላይ ወደቀ። 46 ሰው ሞተ። ምክንያቱ ሲጣራ፣ የማርሽ ክፍሉን ለማጽዳት የገባው የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት ቀርቶ የዘይት መተላለፊያውን ደፍኖት ተገኘ። ቅርፊት! አብራሪው ምን ያህል ጎበዝ ቢሆን ጋራዥ ውስጥ የተሠራን ስህተት ሰማይ ላይ አያርምም። ለዚህ ነው “የኛ አብራሪዎች የተመሰገኑ ናቸው፣ ምንም አይሆንም” የሚለው መፈክር ባዶ የሚሆነው።

በ2012 መጀመሪያ ላይ ደግሞ አፍጋኒስታን ፓክቲካ ውስጥ አንድ የአሜሪካ አፓቼ የጦር ሄሊኮፕተር በሰፈሩ ላይ ዝቅ ብሎ እየተገለባበጠ ጉራ ሲነዛ በረዶ የለበሰ መሬት ላይ ተከሰከሰ። ፊልሙ ወጥቶ ዓለም ሳቀ። ሰው ስላልሞተ ተሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያ ማሽን ሮኬትና መድፍ የሚሸከም ነው። ትንሽ ወዲህ ቢል የሚያርፈው ሰው ላይ ነበር።

ጁን 1 ቀን 2020 ምሽት እዚያው ዋሽንግተን፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የብሔራዊ ዘብ ሄሊኮፕተር በተቃዋሚ ሰልፈኞች አናት ላይ ዝቅ ብሎ ቆመ። ነፋሱ የዛፍ ቅርንጫፍ ገነጠለ። ይህ ልምምድ አልነበረም፤ ማስፈራሪያ ነበር። በሽታው ግን አንድ ነው። ሄሊኮፕተርን ሰውን ለማስደነቅ ወይም ለማስደንገጥ የሚጠቀም አለቃ፣ ታች ያለውን ሕዝብ እንደ ሣር ነው የሚያየው።

አለቃው ያውቅ ነበር

አሁን የምነግራችሁ ስለ ሄሊኮፕተር አይደለም፤ ስለ ትልቅ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነው። የማነሣው ነገሩ ከላይ እንዴት እንደሚበላሽ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ ስለማላውቅ ነው።

በአሜሪካ ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ ፌርቻይልድ የጦር አየር ማረፊያ፣ ሌተና ኮሎኔል አርተር ሆላንድ የሚባል የቢ-52 አብራሪ ነበር። ሰውየው ያን ግዙፍ አውሮፕላን እንደ ተዋጊ ጄት ማጠማዘዝ ይወድ ነበር። ከ1991 ጀምሮ በየትርኢቱ ደንብ ሲጥስ አለቆቹ እያዩ ዝም አሉ። አንዳንዱም አጨበጨበ። በ1994 የአንዱ ስኳድሮን አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ማርክ ማክጊሃን “ይህ ሰው እንዳይበር ይታገድ” ብሎ ለአለቃው ለኮሎኔል ዊሊያም ፔለሪን አመለከተ። እምቢ ተባለ። ማክጊሃን ምን አደረገ? “እንግዲያው ከኔ ልጆች ማንም ከሱ ጋር አይበርም፤ መብረር ካለበት እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ” አለ። ጁን 24 ቀን 1994 ለአየር ትርኢት ሲለማመዱ፣ ሆላንድ ከመሬት 250 ጫማ ያህል ከፍ ብሎ በመቆጣጠሪያ ማማው ዙሪያ አጥብቆ ሲያጠማዝዘው አውሮፕላኑ ከዳው። አራት ሰው ሞተ። አንዱ ማክጊሃን ነበር። ሚስቱና ልጆቹ ከቤታቸው ደጅ ሆነው ያዩ ነበር።

ኮሎኔሉስ? በ1995 ግዴታውን ባለመወጣቱ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ 7,500 ዶላር ተቀጣ፣ ወቀሳም ተሰጠው። በቃ። ለአራት ነፍስ 7,500 ዶላር! አካፍሉት።

ጣሊያን፣ ካቫሌዜ ላይ ደግሞ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1998 የአሜሪካ ማሪን ጄት በተራሮች መካከል ለልምምድ ከሚፈቀደው እጅግ ዝቅ ብሎ ሲበር የበረዶ ተንሸራታቾች የሚሳፈሩበትን የካቢን ገመድ በጠሰ። 20 ሰው ከተራራው ወደቀ። አብራሪው በ1999 በራሱ ጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ ከነፍስ ማጥፋቱ ክስ ነፃ ወጣ። የተፈረደበት በሌላ ጉዳይ ነው። በረራው ላይ የተቀረጸውን ቪዲዮ እንዲጠፋ በማድረጉ ስድስት ወር ታሰረ። ልብ በሉ፤ 20 ሰው ስለሞተ ሳይሆን ካሴት ስለጠፋ! ጦሩ ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ፣ ራሱ ምስክር ሲሆን ፍርዱ እንዲህ ነው የሚሆነው።

“ልምምድ ካልተደረገ እንዴት ይዋጋሉ?”

ይህን የሚጠይቅ ሰው ቁም ነገር አለው፤ አላንጓጥጠውም። ሠራዊት ይለማመዳል። ያልተለማመደ አብራሪ በጦርነት ቀን ራሱንም ጓዱንም ይገድላል። ልምምድ ራሱ አደገኛ መሆኑንም አልክድም። ጁን 12 ቀን 1996 አውስትራሊያ፣ ታውንስቪል አቅራቢያ፣ ሁለት ብላክ ሆኮች በሌሊት ልምምድ ላይ ተጋጭተው 18 ወታደሮች ሞተዋል። እነዚያ ወታደሮች ታጋቾችን ከአሸባሪ እጅ ለማስለቀቅ ነበር የሚሠለጥኑት። ለነሱ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ያ ልምምድ የተደረገው ግን ለጦር በተከለለ ሜዳ ላይ ነበር። ሥራው አደገኛ መሆኑን አውቆ የገባ ወታደር ነው የሞተው። ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን፣ ታክሲው ውስጥ ያሸለበ ሹፌር አልሞተም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ሄሊኮፕተር ከፍታ ካለው ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ ከላይ ያለው ክንፉ በሚያልፈው ነፋስ ኃይል እየተሽከረከረ አብራሪው ሊያሳርፈው ይችላል። ዝቅ ብሎ በዝግታ ሲሄድ ወይም ሲቆም ግን ለዚህ ጊዜ የለውም። ሞተሩ ከጠፋ እንደ ድንጋይ ነው። አጥብቆ ሲጠማዘዝ ደግሞ ክንፉ የሚሸከመው ሸክም ይጨምራል። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ደግሞ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያጣሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። ማንም ትርኢት አሳያለሁ ባይ ይህን ልብ ይበል። በባሕር ዳርቻ አገር የተሠራ ጨዋታ እዚህ አይሠራም።

አሁን ወደ ቤታችን

ምን አገባን ላላችሁኝ መልሴ ይኸውና።

ከላይ የጻፍኳቸውን ቁጥሮች ቁጠሩልኝ። 278 ጫማ። 75 ጫማ። 15,214 ጊዜ። 85 ጊዜ። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ በፖቶማክ ወንዝ ላይ የወደቀን ሄሊኮፕተር ከፍታ በጫማ ቆጥሬ እነግራችኋለሁ። እንዴት አወቅሁ? ሰላይ ስለሆንኩ አይደለም። ከጦሩ ውጭ የሆነ ቦርድ መርምሮ፣ መኮንኖቹንና የአቪዬሽን ባለሥልጣኖቹን በሕዝብ ፊት አስቀምጦ ጠይቆ፣ ያገኘውን ስላተመ ነው። አሜሪካኖቹን ስወቅስ ይህን አልነፍጋቸውም።

እስቲ አሁን አገራችን ውስጥ ስለወደቀ አንድ የጦር ሄሊኮፕተር እንዲህ ያለ ሪፖርት አንብቤያለሁ የሚል ሰው ካለ እጁን ያውጣ። በስንት ሜትር ይበር ነበር? ማን ፈቀደ? መቼ ተፈተሸ? ከዚያ በፊት ያስጠነቀቀ ሰው ነበር? እኔ አንብቤ አላውቅም። ያነበበ ካለ ለዚሁ ጋዜጣ ይላክልን፤ እናመሰግናለን። እኔ የማውቀው የኀዘን መግለጫ ነው። “ጀግኖቻችን በግዳጅ ላይ ሳሉ…” ይባላል፣ ይለቀሳል፣ ይቀበራል። የሟች እናት ልጇ እንዴት እንደሞተ ሳታውቅ ትሞታለች። ወታደሩም የሰው ልጅ ነው። በእናቱ ፊት ምስጢር የሚሆን የአገር ምስጢር የለም።

ስለዚህ የምለው ሦስት ነገር ነው፤ ለዋሽንግተኑም፣ ለሉሙቱም፣ ለቢሾፍቱውም አዛዥ እኩል ይሠራል።

አንደኛ፣ ልምምድ በልምምድ ሜዳ፣ ፈተና በፈተና ሜዳ ይሁን። ሕዝብ በሚኖርበት፣ የመንገደኛ አውሮፕላን በሚያርፍበት፣ ሰልፈኛ በቆመበት አናት ላይ የጦር ሄሊኮፕተር መገለባበጡም ዝቅ ብሎ መቆሙም ይቅር። በዓል ማድመቅ ከተፈለገ የሙዚቃ ጓድ አለ።

ሁለተኛ፣ አደጋ ሲደርስ የሚመረምረው ከጦሩ ትዕዛዝ ውጭ የሆነ አካል ይሁን፤ ያገኘውም ይታተም። ራሱ ጠፍቶ ራሱ የሚያጣራ መሥሪያ ቤት ከካቫሌዜ የተሻለ ፍርድ አይሰጥም።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ማስጠንቀቂያ ደርሶት ዝም ያለ አለቃ በስሙ ይጠየቅ። “ተቋሙ” አይጠየቅም፤ ተቋም አይታሰርም፣ ከደመወዙም አይቆረጥም። 85 ጊዜ የተጻፈውን ያላነበበ፣ “ይህ ሰው ይታገድ” ሲባል እምቢ ያለ፣ ሦስት ዓመት ስልክ ያላሠራ ሰው ስም አለው። የሟቾች ስም ሐውልት ላይ ከተጻፈ፣ የፈራሚው ስም ሪፖርቱ ላይ ይጻፍ።

“መንግሥትን ለመወረፍ ሰበብ ፈለግህ” የሚለኝ ካለ ይበለኝ። የፈቀደው ማን እንደሆነ እስኪነገረን ድረስ መጠየቄን አልተውም፤ እናንተም አትተዉ። ሄሊኮፕተር በቤታችሁ ጣሪያ ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ልጆቻችሁ ማጨብጨባቸው አይቀርም። እናንተ ግን ማን እንደፈቀደው ጠይቁ።

ቸር ወሬ ያሰማን።